በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጅ ስለሚቆም ቤተ ሰብ

በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የኢያኢሮስን ታሪክ ከምእመናን መካከል ያልሰማ የለም። ይሁን እንጂ ታሪኩ በተነበበ ቍጥር ልባችን የሚያርፈው ከሞት በተነሣችው ብላቴና ላይ ነው። ዛሬ ግን ፊታችንን ወደ አባቷ እንመልስ። ይህ ሰው የምኵራብ አለቃ ነበረ፤ ልጁ ለሞት በተቃረበች ጊዜ ሹመቱንና ክብሩን ረስቶ በጌታችን እግር ሥር ወደቀ። ጌታችንም አብሮት ሄደ። በመንገድ ላይ ግን ሕዝቡ አጋፋው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴትም ልብሱን ዳስሳ ተፈወሰችና ጌታችን ቆሞ አነጋገራት። ያች ሰዓት ለሴቲቱ የደስታ፥ ለአባትየው ግን የጭንቅ ሰዓት ነበረች። ሌላው በሽተኛ ሲፈወስ የእርሱ ልጅ በቤት ታጣጥራለች። እርሱም ይህን እያሰበ ቆሞ ሳለ መልእክተኞች መጥተው ልጁ መሞቷን ነገሩት።

እንግዲህ ጌታችን በዚህ ጊዜ ያደረገውን በሦስት ክፍል እንመልከት። አንደኛ፥ ክፉው ወሬ በተሰማበት በዚያው ቅጽበት አባትየውን አነጋገረው፤ ፍርሃቱን አወቀለት፥ ከወሬው ጋር ብቻውን አልተወውም። ሁለተኛ፥ ወደ ቤት በገባ ጊዜ የሚያለቅሱትንና የሚጮኹትን ሁሉ ወደ ውጭ አስወጥቶ የብላቴናዪቱን አባትና እናት ግን ይዞ ገባ። ሦስተኛ፥ ብላቴናዪቱ በተነሣች ጊዜ በዚያ የነበሩት የምትበላውን እንዲሰጧት አዘዘ፤ በዚህም ወላጆች ተመልካቾች ብቻ ሆነው እንዲቀሩ አልፈቀደም። ቃል፥ ቅርበት፥ ተካፋይነት፤ እነዚህ ሦስቱ ለሕመምተኛ ቤተ ሰብ የተሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። የዚህም ትምህርታችን ዐላማ እነዚህ ሦስቱ በዘመናችን ሆስፒታል ውስጥ፥ ይልቁንም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጅ፥ እንዴት እንደሚፈለጉና እንዴት እንደሚገኙ መመርመር ነው።

ከመገናኛ ተነሥቶ በሲ.ኤም.ሲ. በኩል ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የመሪን ሰፈር የሚያውቅ ሰው የማለዳዋንም ጉዞ ያውቃል። ከመሪ የሚወጣው መንገደኛ ሁሉ ወደ ሥራ የሚሄድ አይደለም። አንዱ ምሳ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ሆስፒታል ይወርዳል፤ ሌላው ጀሪካኑን ይዞ ጠበል ለመቅዳት ወደ የካና ወደ እንጦጦ ተራራ ይወጣል። ብዙ ጊዜም ሁለቱ መንገደኞች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ማታ በሆስፒታሉ ደጅ ይገናኛሉ፤ ከመካከላቸው ግን የታመመው ወንድማቸው እንዴት እንደ ዋለ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ምግቡ ሳይነካ ይመለሳል፥ ጠበሉ ሳይከፈት ያድራል፤ እነርሱም በግንቡ ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። ይህ ነገር የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በአገራችን ሁሉ የሚታይ ነው።

ስለ ቤተ ሰቡ ከመናገራችን በፊት ግን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። በ1952 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የልጅነት ልምሻ በሽታ ተነሥቶ የብዙዎችን የመተንፈሻ ጡንቻ ሽባ አደረገ። በዚያን ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የተባለው ሐኪም በበሽተኞቹ ጕሮሮ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አግብቶ አየር በእጅ እየተጨመቀ እንዲሰጣቸው አደረገ። ወደ 1500 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ የአየሩን ከረጢት በእጃቸው ሲጨምቁ ሰነበቱ፤ ሞት ይጠብቃቸው ከነበሩትም ብዙዎች ዳኑ። በሚቀጥለው ዓመት በ1953 ዓ.ም. ኢብሰን በዚያችው ከተማ ለጽኑ ሕሙማን የተለየ ክፍል አቋቋመ። ዛሬ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ የምናየው የመተንፈሻ መሣሪያ የእነዚያ ተማሪዎች እጅ ምትክ ነው። መሣሪያው ከሰው እጅ እንደ ተጀመረ ማስታወስ መልካም ነው፤ እጅ ከሌለበት መሣሪያው ብቻውን አያጽናናምና።

በዚህ ክፍል ውስጥ ያለ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ በማደንዘዣ መድኃኒት አንቀላፍቶ ይተኛል፤ ቱቦ በጕሮሮው ስላለ ሊናገር አይችልም፤ ፊቱና እጁ ሊያብጥ ይችላል። የልብ ምቱን፥ የደም ግፊቱንና በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚቈጣጠሩት መሣሪያዎች በየጊዜው ይጮኻሉ። ጩኸቱ ሁሉ የሞት ምልክት አይደለም፤ አንዳንዴ ከጣቱ ላይ የተንሸራተተ መለኪያ ብቻ ነው። ይህን ያልተነገራት እናት ግን መሣሪያው በጮኸ ቍጥር ከልጇ ጋር ትሞታለች። በሩ የሚዘጋውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሕመምተኛው ሰውነት ደክሟልና ከውጭ የሚገባ ተሐዋሲ በቶሎ ያጠቃዋል፤ በመሣሪያ የሚተነፍስ ሰውም በሳንባ ምች በቀላሉ ይያዛል። ስለዚህ ሐኪሙ በሩን ሲጠብቅ ጠላት አይደለም፤ ቤተ ሰቡም በሩን ሲያንኳኳ ሁከተኛ አይደለም። ሁለቱም የሚጠብቁት አንዱን ሰው ነው።

እንግዲህ ይህ በደጅ የሚቆም ቤተ ሰብ የሚሻው ምንድን ነው? በ1979 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ናንሲ ሞልተር የተባለች አሜሪካዊት የጽኑ ሕሙማን ዘመዶች የሆኑ 40 ሰዎችን ስለ 45 ፍላጎቶች ጠይቃ መልሳቸውን አሳተመች። ከሁሉ በላይ የተገኘው ፍላጎት ተስፋ መኖሩን ማወቅ ነበረ። ሠራተኞቹ ለሕመምተኛው እንደሚያስቡለት ማየት፥ ጥያቄ ሲጠይቁ በእውነት መመለስ፥ የሕመምተኛው ሁናቴ ሲለወጥ ወደ ቤት መልእክት መላክ፥ እነዚህም ከፍ ያለ ስፍራ አገኙ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች በተደረጉ ተመሳሳይ ምርመራዎች ቤተ ሰቦች ስለ ገዛ ምቾታቸው የሚጠይቁት ነገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመጨረሻው ተርታ ነው። ወንበርና ምንጣፍ ያልጠየቀ ሰው የጠየቀው አንድ እውነተኛ ቃል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል ደጅ ከአንዲት የመሪ ሰፈር እናት ጋር ተቀምጠን ነበር። ልጃቸው በዚያ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነበረ። በየማታው አንዲት ነርስ ወደ ውጭ እየወጣች ከፊታቸው ቍጢጥ ብላ፦ «እናቴ፥ ዛሬ ትኩሳቱ ወርዷል፤ የሚተነፍሰው ግን ገና በመሣሪያ ነው፤ ነገ በዚህ ሰዓት መጥቼ እነግርዎታለሁ» ትላቸው ነበረ። በማግሥቱም ሰዓቷን ጠብቃ ትመጣለች። ነገሩ ክፉ በሆነበት ቀንም አልቀረችም፤ ክፉነቱን ነገረቻቸው። ልጅየው ዐረፈ። ከተዝካሩ በኋላ ያችን እናት ስንጠይቃቸው፦ «ልጄን እግዚአብሔር ወሰደው፤ እነርሱ ግን እኔን እንደ ሰው ያዙኝ» አሉን። ይህን ቃል ሰምተን ዝም አልን።

ይህ የአንዲት እናት ቃል ብቻ ሆኖ አልቀረም። የካናዳ ተመራማሪዎች የጽኑ ሕሙማን ቤተ ሰቦችን እርካታ የሚለካ የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጅተው ነበረ፤ ዝርዝሩ በኋላ ወደ 24 ጥያቄዎች ተሰብስቦ በሁለት ተከፈለ። አንዱ ክፍል ስለ እንክብካቤው፥ ሁለተኛው ቤተ ሰቡ በውሳኔው ስለ መካፈሉ ይጠይቃል። በ2007 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ የታተመ ምርመራ በዚህ መለኪያ ተጠቅሞ ሰው የማይጠብቀውን ነገር አገኘ፤ ዘመዳቸው የሞተባቸው ቤተ ሰቦች ዘመዳቸው ከተረፈላቸው ይልቅ በተደረገላቸው እንክብካቤ ረክተው ተገኙ። ምክንያቱን ለሚያስተውል ሰው ነገሩ ግልጥ ነው። ሞት በተቃረበ ጊዜ ሐኪሙ ይቀመጣል፥ ያነጋግራል፥ ቤተ ሰቡን ያስገባል፤ ለሚድነው ግን ይህ ሁሉ እንደማያስፈልግ ይቈጠራል። ስለዚህ የቤተ ሰብ እርካታ በሕመምተኛው መዳን ብቻ የሚለካ ሳይሆን በመንገዱ ላይ በተደረገለት አያያዝ የሚለካ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ መድኃኒቶች እንመለስ። የመጀመሪያው ቃል ነው። በአገራችን መርዶ የራሱ ሥርዐት አለው። ጎሕ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፥ የንስሐ አባት ይጠራል፥ ሐዘንተኛው ከተቀመጠ በኋላ በሽማግሌ አፍ ይነገረዋል። አባቶቻችን ይህን የሠሩት በጥበብ ነው፤ ክፉ ወሬ ሰዓት፥ ስፍራና የሚደግፍ ሰው እንደሚያስፈልገው ዐውቀዋል። በመተላለፊያ መንገድ ላይ ቆሞ፥ ፋይሉን በብብቱ ይዞ፥ በችኰላ የሚናገር ሐኪም ከዚህ ሥርዐት ሊማር ይገባዋል። ቤተ ሰቡን ወደ አንድ ክፍል አግብቶ፥ ተቀምጦና አስቀምጦ ቢናገር፥ የተናገረው ያው ነገር ሆኖ ሳለ የሚሰማው ልብ ግን ሌላ ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በፈረንሳይ በ22 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች፥ ሊሞቱ የተቃረቡ 126 ሕሙማን ቤተ ሰቦች የተካፈሉበት ምርመራ ታትሞ ነበረ። በልማድ በሚደረገው ስብሰባ ቤተ ሰቡ ይናገር የነበረው ወደ 5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በተሻሻለው ስብሰባ ግን ወደ 14 ደቂቃ ተናገረ። ከሦስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ብዙ የተናገሩትና የተሰሙት ቤተ ሰቦች ከጭንቀትና ከሚያስበረግግ ትዝታ የተሻለ ዕረፍት አግኝተው ተገኙ። ቃል ማለት መናገር ብቻ አይደለም፤ መስማትም ነው።

ነገር ግን የመርዶ ልማዳችን አንድ ጕዳት አለው፤ እርሱም እስከ ንጋት ድረስ መደበቁ ነው። ሐኪሙ ለአንዱ ወንድም እውነቱን ይነግረዋል፥ ያም ወንድም ለእናቱ «ደኅና ነው፥ ይነሣል» ይላታል፥ እናትም ለጎረቤት ያንኑ ትላለች። በዚህ ዐይነት ቤተ ሰቡ ሁሉ ለፍቅር ሲል እርስ በርሱ ይዋሻል። ከዚህ የሚመጣው ጕዳት ለእኛ ለክርስቲያኖች ከሁሉ የከበደ ነው። ሕመምተኛው ገና መናገር በሚችልበት ሰዓት ንስሐ ሊገባ፥ ቅዱስ ቍርባን ሊቀበል፥ የተቀየመውን ይቅር ሊል፥ ለልጆቹ የሚለውን ሊል ይችል ነበረ። ቱቦው ከገባ በኋላ ግን አንደበቱ ይዘጋል፥ መዋጥም አይችልም። ስለዚህ ለምእመናን ይህን አጥብቀን እንመክራለን፤ ሐኪሙ ሕመምተኛውን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ እናደርገዋለን ባለ ጊዜ ጥቂት ሰዓት ካለ ትሕትና ባለው ቃል ጠይቁትና የንስሐ አባት ይጠራ። ሐኪሞችም ይህን ጥያቄ እንደ ሥራ ማሰናከያ አይቍጠሩት፤ ምናልባት ሰውየው በአንደበቱ የሚናገርባት የመጨረሻዋ ሰዓት እርሷ ናትና።

ሁለተኛው መድኃኒት ቅርበት ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገለጠ ጊዜ በአዲስ አበባ ምሥራቅ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ሕክምና ተለይቶ ነበረ። በዚያን ወራት በዓለም ሁሉ እንደ ሆነው በአገራችንም የሕመምተኛና የቤተ ሰብ መለያየት ግድ ሆነ። ልጅ የአባቱን እጅ ሳይዝ፥ ሚስት የባሏን ዐይን ሳትከድን ቀረች። ያ ጊዜ የበሽታ ጊዜ ነበረና ሥርዐቱን አንነቅፍም። ነገር ግን ያ ዘመን ያስተማረን አንድ ነገር አለ፤ መለየት ራሱ ቍስል መሆኑን ነው። ስለዚህ ግድ ባልሆነበት ጊዜ ያን ቍስል መልሰን እንዳንከፍተው ያስፈልጋል። ጌታችን ሕዝቡን አስወጥቶ አባትንና እናትን ማስገባቱ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ነው። ለሆስፒታሉ፥ ሁሉን ማስወጣት ሥርዐት ማስከበር ብቻ እንዳልሆነ ያስተምራል፤ እጁን ታጥቦ በተራ የሚገባ አንድ የቅርብ ዘመድ ሕዝብ አይደለም። ለእኛም፥ ሃያ ሠላሳ ሆነን ደጁን ማጨናነቅ ፍቅር መስሎን ጌታችን ያስወጣውን ጩኸት እንዳንሆን ያስጠነቅቃል።

ሦስተኛው መድኃኒት ተካፋይነት ነው። የአገራችን አስታማሚ ሥራ ፈት ሆኖ የሚቀመጥ አይደለም፤ በሆስፒታሉ የታጣውን መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ ያመጣል፥ ገንዘብ ይበደራል፥ ሌሊቱን ሲሮጥ ያድራል። እግሩ ተካፋይ ሆኖ ሳለ ልቡ ግን ከውጭ ይቀራል፤ ከባድ ውሳኔ በመጣ ጊዜ ወረቀት ይቀርብለትና ፈርም ይባላል። ያልተረዳውን የፈረመ ሰው ዘመዱ ቢሞት ዕድሜውን ሁሉ «እኔ ገደልሁት» እያለ ይኖራል። ስለዚህ ሐኪሙ ፊርማ ከመጠየቁ በፊት የሚታሰበውን ሕክምና፥ ጥቅሙንና ጕዳቱን፥ ወጪውንም ሳይቀር በአማርኛ ያስረዳ፤ ምክሩንም አይሸሽግ። ቤተ ሰቡም ከመካከሉ አንድ የታመነ ሰው መርጦ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገረው እርሱ ይሁን፤ እርሱም የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሌሎቹ ያድርስ። ሕክምናው አቅሙ አልቆበታል በተባለ ጊዜም ምክሩ በሐኪሙ፥ በቤተ ሰቡና በንስሐ አባት በአንድነት ይሁን እንጂ አንዲት ልጅ ብቻዋን አትሸከመው።

እዚህ ላይ ለካህናት ወንድሞቻችን የምንለው አለን። በ1990ዎቹ ዓመታት በእንጦጦ ማርያም ጠበል በኤች.አይ.ቪ. የታመሙ ብዙ ወገኖች ተሰብስበው ነበረ፤ ከእነርሱም መድኃኒቱን መውሰድ እምነትን መካድ የመሰላቸው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፥ ሕሙማኑም ሁለቱንም እንዲወስዱ አስተማሩ። ያ ትምህርት ለጽኑ ሕሙማን ክፍልም ይሠራል። ቤተ ሰብ ሕመምተኛውን ከመሣሪያው አላቅቀን ወደ ጠበል እንውሰደው ባለ ጊዜ ካህኑ ዝም አይበል፤ ጸሎቱ ወደ ሕመምተኛው ሊሄድ እንደሚችል፥ ሕመምተኛው ግን ከመሣሪያው ቢለይ በመንገድ ሊያርፍ እንደሚችል ይንገራቸው። ደግሞም ቱቦ በጕሮሮው ያለ ሰው አይውጥምና በአፉ የሚጨመር ጠበል ወደ ሳንባው ወርዶ ሊገድለው ይችላል፤ እምነትም በቍስልና በቱቦ አጠገብ አይቀባም። ካህኑ ነርሷን አስፈቅዶ፥ እጁን ታጥቦ፥ መስቀሉንም አጽድቶ ቢገባ፥ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ቢጸልይ፥ የሚዘጋበት በር አይኖርም። ያንቀላፋ የመሰለን ሕመምተኛ ሊሰማ ይችላልና በአጠገቡ ስለ ሞቱና ስለ ውርሱ አንነጋገር፤ በስሙ ጠርተነው እንጸልይለት።

ለምእመናን ደግሞ ይህን እናሳስባለን። ዕድራችን ለቀብር ድንኳን ሲተክል የማይታማ ነው፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ ግን ቤተ ሰቡ በደጅ ሲያድር ብዙ ጊዜ አይታይም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ የታመመን መጠየቅ ለራሱ እንደ ተደረገ ይቈጥረዋል። ወደ ውስጥ መግባት ባንችል በደጅ የተቀመጠውን መጠየቅ እንችላለን። ትኩስ ምግብ ማምጣት፥ እናቲቱ አንድ ሌሊት በአልጋዋ እንድትተኛ ተራዋን መቀበል፥ በቤት የቀሩትን ልጆች ትምህርት ቤት ማድረስ፥ የመድኃኒቱን ዋጋ በሰበካ ጉባኤው በኩል ማዋጣት፥ እነዚህ ሁሉ የሕሙማን ጥየቃ ናቸው። ሕመምተኛው ድኖ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜም ነገሩ አለቀ ብለን አንለፍ፤ ከዚያ ክፍል የወጣ ሰው ለብዙ ጊዜ ጡንቻው ሊደክም፥ ሌሊት ሊባንን ይችላል፤ አስታማሚውም ከእርሱ ባላነሰ ደክሟል።

ተወዳጆች ሆይ፥ ኢያኢሮስ ልጁን በሕይወት ተቀብሏል፤ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጅ የሚቆም አባት ሁሉ ግን እንደ እርሱ አይቀበልም። ሕይወትና ሞት በእግዚአብሔር እጅ ናቸውና ሐኪምም ካህንም ይህን ተስፋ ሊሰጡ አይችሉም። ሊሰጡ የሚችሉት ግን በሦስቱ ነገሮች ሁሉ አለ፤ እውነተኛ ቃል፥ የተከፈተ በር፥ በሥራው መካፈል። ነገ ማለዳ ከመሪ ምሳ ዕቃውን ይዞ ለሚወጣው ወንድማችን ከእነዚህ አንዱን እንኳ ብናደርስለት፥ የዘመዱ ፍጻሜ እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ሲሆን እርሱ ግን ብቻውን አይቀርም። የሕሙማን ፈዋሽ፥ የሐዘንተኞች አጽናኝ አምላካችን በአልጋ ላሉት ምሕረቱን፥ በደጅ ለቆሙትም ትዕግሥቱን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።